የአባባ አረንጓዴ ጁስ

ጥቅምት 6

ለእትዬ፣

እንደምን ከርመሻል? ባለቤትሽና ልጆቹስ እንዴት ናቸው? እኛ ደህና ነን። አባባም መስኮታቸው ሥር ተቀምጠው መንገዱን መቆጣጠር አላቆሙም። ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ የነዳ ሰው ጡረታ ቢወጣም መሪውን አይለቅም መሰለኝ፤ ትናንት አንድ ሾፌር መኪናውን ማቆም ሲያቅተው ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ ፍሬን ሲረግጡ አይቻቸዋለሁ።

መልስ ሳልጽፍልሽ ስለቆየሁ ይቅርታ አድርጊልኝ። በስልክ እንዳልነግርሽ ስልኩ ከአባባ ትራስ ሥር አይወጣም፤ እሳቸው ባሉበት ደግሞ ስለ እሳቸው ማውራት አይቻልም።

አዎ፣ ለስኳራቸው ብለሽ የጻፍሽልኝን ጁስ ይጠጣሉ።

መጀመሪያ ግን ጉድ ነበር። እንዳልሽኝ አንድ ኪያር ከነልጣጩ፣ አንድ እፍኝ ቆስጣ፣ አንድ ዘንግ ሰለሪ፣ የአውራ ጣት ጫፍ የምታህል ዝንጅብልና የግማሽ ሎሚ ውሃ አዘጋጀሁ። አረንጓዴው ፖም ከሩብ እንዳይበልጥ ስላልሽ፣ የደንበኛ ልብስ የምቆርጥ ያህል ተጠንቅቄ ነው የቆረጥኩት። የኩሽናው ሶኬት ስለተቃጠለ መፍጫውን የሰካሁት ከስፌት መኪናዬ ጎን ነው። ክዳኑን ሳልጫነው አስነሳሁትና የአንድ ሰውዬ ነጭ ሸሚዝ ነጠብጣብ ሆኖ ቀረ።

አባባ የመጀመሪያውን ብርጭቆ አሽትተው «ሣር አጭደህ መጣህ?» አሉኝ። በሁለተኛው ቀን «እኔ የነዳሁት አውቶቡስ ነው፣ በሬ አይደለም፤ ይህን ለሚበላው ስጠው» አሉ። በሦስተኛውና በአራተኛው ቀን ብርጭቆው ባዶ ሆኖ ሳገኘው ደስ ብሎኝ ነበር፤ ኋላ ስመለከት መስኮቱ ላይ ያለው አበባ አፈሩ አረንጓዴ ሆኗል።

በአምስተኛው ቀን ግን ጠጡት። እስከ መጨረሻው ጠጥተው፣ አፋቸውን ጠርገው፣ «እጅህ ይጣፍጣል» አሉኝ።

እትዬ፣ መቼም አንቺ ታውቂያለሽ። መርፌ ይዤ በተቀመጥኩ ቁጥር «ወንድ ልጅ ወልጄ ቁልፍ ይተክላል» ሲሉኝ የኖሩ ሰው ናቸው። ይህችን ቃል ከአፋቸው ስሰማ ኩሽና ገብቼ ጥቂት ቆሜ ነው የወጣሁት።

ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ይጠጣሉ። ለምደውት ነው።

ወንድምሽ

*

ጥቅምት 16

ለቀጮ፣

ደብዳቤህን በምሳ ሰዓት ካርድ ክፍል ውስጥ አነበብኩት። ባልደረቦቼ «ምን ያስቅሻል?» ሲሉኝ የበሬውን ነገር ነገርኳቸው። በርታልኝ። እዚያ ሆኜ መርዳት የነበረብኝ እኔ ነበርኩ፤ ሁሉን በአንተ ላይ ጥዬ በደብዳቤ አዛዥ መሆኔ ይከብደኛል።

ወፍራም ሆነ ብለህ እንዳታጥልለው። አሰሩ ከወጣ የቀረው ቶሎ ወደ ደም ይገባል፤ የሚጠቅማቸው አሰሩ ነው። ጁሱ የምግብ ምትክ አይደለም፤ መርፌያቸውን ወግተህ ቁርስ ሳታበላ ጁስ ብቻ እንዳትሰጣቸው። ከአንድ ብርጭቆ አይለፍ። ጠዋት ጠዋት በባዶ ሆድ ስኳራቸውን ለክተህ ጻፈው። መድኃኒት እንዳይመስልህ፤ መድኃኒቱ ኢንሱሊኑ ነው።

ከሁሉ በላይ ምንም ጣፋጭ እንዳትጨምርበት። ማርም ቢሆን። ማር ተፈጥሮ ነው የሚሉትን አትስማ፣ ለስኳር ታማሚ ስኳር ነው። ሲመራቸው ታገሥ፤ ምላስ በሁለት ሳምንት ይለምዳል። አውቀዋለሁ። ማለቴ ሆስፒታላችን ውስጥ የምታስተምረው ሲስተር እንዲህ ስትል ሰምቻለሁ።

እኔ ደህና ነኝ። ክብደት የቀነስኩት ከሥራ ብዛት ነው፤ በፎቶ አይተህ እንዳትጨነቅ።

ቁጥሮቹን ላክልኝ።

እህትህ

*

ኅዳር 1

ለእትዬ፣

ጤና ይስጥልኝ። ያወጣሽው ጊዜ፣ ያስተማርሽኝ ነገር ሁሉ ከንቱ እንዳይሆን ፈርቼ ነው ቁጥሮቹን ያዘገየሁት። እነሆ፦ የጥቅምት መጀመሪያ 168፣ ከዚያ 194፣ ከዚያ 231። ባለፈው ሰኞ 262።

ሐኪም ቤት ወስጃቸዋለሁ። ዶክተሩ የጠዋቱን ኢንሱሊን ከ18 ዩኒት ወደ 24፣ አሁን ደግሞ ወደ 30 ከፍ አድርጎታል። አበላላቸው ላይ የተለወጠ ነገር እንዳለ ጠየቀን። የለም አልነው።

ጁሱን እንዳልሽው ነው የምሠራው። አላጠልለውም። ፖሙም ሩብ ነው። ሰለሪ በጠፋ ጊዜ ፐርስሊ ተክቼበታለሁ፤ እንዲህ ዓይነት ነገር ስኳር ይጨምራል እንዴ?

ስኳርና ብስኩት የሚባል ከቤት አውጥቻለሁ። ሻይ እንኳ ባዶውን ነው የምንጠጣው። ከዚህ በላይ ምን እንደማደርግ አላውቅም። ደብዳቤዬ አጭር በመሆኑ ይቅርታ፤ የሠርግ ልብስ ደርሶብኝ ነው።

ወንድምሽ

*

ኅዳር 11

ለቀጮ፣

አንተን አልጠረጠርኩም፤ እንዲያ መስሎህ ከሆነ ይቅርታ። ፐርስሊ ምንም አያደርግም።

ሌላ ነገር ነው የታሰበኝ። ያ ጫማ ሰፊ ጓደኛቸው አሁንም ከሰዓት ከሰዓት ለዳማ ይመጣሉ አይደል? ልጆች ሳለን ኪሳቸው ከረሜላ ሞልቶ እንደነበር ረሳኸው? በር ላይ ይዘን ኪሳቸውን ስንበረብር። ያ እጅ ዛሬም እንደዚያው መሆን አለበት። አንተ መኪናህ ላይ አቀርቅረህ ስትሰፋ እሳቸው አባባን ያጎርሳሉ። ከዚህ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?

ሽማግሌ ናቸው፣ ማስቀየም ይከብዳል። ቢሆንም ከአባባ አይበልጡም። ቤት መምጣት ያቁሙ። ማለት ካፈርክ እኔ አልኩ በል።

እህትህ

*

ኅዳር 22

ለእትዬ፣

እንዳልሽው አድርጌያለሁ።

ቤት ሲመጡ መናገር ስላቃተኝ ሥራ ቦታቸው ሄድኩ። ከሰዓት ጠጋኙና ከፀጉር አስተካካይዋ መካከል ያለችውን ክፍል ታውቂያታለሽ፤ ግድግዳዋ ስስ ነው፣ የተነገረው ሁሉ ይሰማል። እኔ ደግሞ ስፈራ ድምፄ ከፍ ይላል። «የአባባን ስኳር የሚያስነሳው እርስዎ የሚሰጧቸው ጣፋጭ ነው፣ እባክዎ ከእንግዲህ ቤት መምጣቱ ይቅርብን» አልኳቸው። የያዙትን ሶል ጭናቸው ላይ አስቀምጠው «ከእጄ ምን ቀምሶ ያውቃል?» አሉኝ። «እህቴ ናት ያለችው» አልኩና ወጣሁ።

አባባ «ምነው ሰውዬው ቀረ?» ሲሉኝ ነገርኳቸው። ብዙ ይቆጣሉ ብዬ ነበር። አልተቆጡም። የያዙትን ብርጭቆ ጨልጠው መለሱልኝ።

ቁጥሩ ከእንግዲህ ይወርዳል። ስለዚህ ነገር ግን ሁለተኛ እንዳትጽፊልኝ፤ እለምንሻለሁ።

ወንድምሽ

*

ታኅሣሥ 8

እትዬ፣

በምን ፊቴ ሰላም እንደምልሽ ስለማላውቅ ሰላምታውን ትቼዋለሁ።

አባባ ድነዋል፣ ቤት ናቸው። ልብሽ ተሰቅሎ እንዳታነቢው ይህን አስቀደምኩ። ሐሙስ ደውለሽ ስልኩን ሳነሳ «ደክሟቸው ተኝተዋል» ያልኩሽ ሐሰት ነው። ሆስፒታል ነበሩ። ስኳራቸው ወርዶ ነው፤ ወጥቶ አይደለም።

ጁሱ ውስጥ ማር ነበረበት። ከአምስተኛው ቀን ጀምሮ። መጀመሪያ አንድ የሻይ ማንኪያ ነበር። ከዚያ ሁለት ሆነ። ኋላማ ሦስት የሾርባ ማንኪያና ግማሽ ማንጎ። ለሳቸው አዝኜ ነው ብል ደስ ባለኝ፤ አይደለም። ያቺን «እጅህ ይጣፍጣል» የምትለዋን በየጠዋቱ ለመስማት ነው። አንድ ቀን አሳንሼው ነበር፤ ጠጥተው ምንም ሳይሉ ብርጭቆውን መለሱልኝ። በማግስቱ ጨመርኩ። እንዲህ ነው የሆነው። ቁጥሩ ሲወጣ እያየሁ ነው የጨመርኩት።

ጫማ ሰፊውን ካሳፈርኳቸው በኋላ የመፍጫውን ድምፅ መስማት አስጠላኝ። ስለዚህ አንድ ጠዋት ማሩንም ማንጎውንም ተውኩት። ለማንም አልነገርኩም። እንዲህ ሳደርግ ንጹሕ የሆንኩ መስሎኝ ነበር። ዶክተሩ መድኃኒቱን የጨመረው ለእኔ ማር መሆኑ ጭራሽ አልታሰበኝም። ማሩ ሲቀር ሠላሳው ዩኒት እዚያው ነው። ወጋኋቸው፣ ባዶውን ጁስ ሰጠኋቸው፣ መረራቸውና ከቁርሱም ሁለት ጉርሻ ብቻ ቀምሰው ተዉት። እኔ ደግሞ የሠርጉን ልብስ ላደርስ በሩን ከውጭ ቆልፌ ወጣሁ።

ጫማ ሰፊው ቤት አይምጡ ተብለው መምጣታቸውን አልተዉም ነበር። እኔ ስወጣ ጠብቀው ከመስኮቱ ውጭ ይቆማሉ፤ ዳማውን መስኮቱ ደፍ ላይ ዘርግተው ይጫወታሉ። የዚያን ቀን አባባ የራሳቸውን ቆርኪ ትተው የእሳቸውን ማንሳት ጀመሩ። ጫማ ሰፊው ቀልድ መስሏቸው ነበር። ቀና ሲሉ የአባባ ላብ ሲንጠባጠብ፣ ንግግራቸው ሲተሳሰር አዩ። በዚያ ዕድሜያቸው በመስኮት ዘልለው ገቡ፤ እግራቸው ተሰነጠቀ።

ኩሽናውን አገላበጡት። ስኳር የለም። ስኳር ያወጣሁት እኔ ነኝ። ማሩ ደግሞ ከክር ሳጥኔ ሥር፣ በጨርቅ ቁርጥራጭ ተጠቅልሎ ነበር፤ ማንም እንዳያገኘው ያስቀመጥኩት ቦታ ነውና አላገኙትም። ኪሳቸውን ገለበጡ። ሰም፣ የጫማ ሚስማር፣ ትንሽ ክር። ከረሜላ የለም፣ እትዬ። አንድ ፍሬ እንኳ። በተሰነጠቀ እግራቸው በዚያው መስኮት ወጥተው ሱቅ ድረስ ሮጠው ስኳር አመጡ፤ አባባ አሁንም መዋጥ ይችሉ ስለነበር በውሃ በጥብጠው በማንኪያ እያጎረሱ አቆዩአቸው። አምቡላንስ ሲደርስ 41 ነበር። ይህ ከስኳሩ ውሃ በኋላ ነው።

ለዶክተሩ ሁሉንም ነገርኩት። ብዙም አልተናገረኝም፤ ወደ 18 መልሶት «ሁለተኛ ሳትነግሩኝ ምንም አትጨምሩ፣ ምንም አትቀንሱ» አለ። ለአባባና ለጫማ ሰፊው ግን እስካሁን አልተናገርኩም። አፌን ስከፍት ይዘጋብኛል።

እንደፈለግሽ ስደቢኝ።

ወንድምሽ

*

ታኅሣሥ 19

ለቀጮ፣

መጀመሪያ ጽፌ የነበረውን ብታነበው ዳግም ወንድሜ አትሆንም ነበር። ቀደድኩት። አባባ በእጅህ ላይ ሊቀሩብህ ነበር፤ ይህን አንተም ስለምታውቀው አልደግመውም።

የቀደድኩት ግን ተቆጥቼ ስለበረደልኝ አይደለም። ጽፌ ስጨርስ ስሜን ከሥሩ ማስፈር አቃተኝ።

የጁሱን አሠራር ሲስተሯ ስታስተምር ሰማሁ ብዬሃለሁ። ቆሜ አይደለም የሰማሁት። ወረፋ ይዤ፣ የታካሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው። ሁለት ዓመት ሆነኝ። ሰውነቴ የቀነሰው ከሥራ ብዛት አይደለም።

አባባ የታመሙ ጊዜ በስልክ ያልኳቸውን አንተም ሰምተሃል፤ «በገዛ አፍዎ ያመጡት ነው፣ ማንን ይወቅሳሉ» ነበር ያልኩት። ሰባት ወር ሳይሞላ የእኔ ውጤት መጣ። ያን ቃል ለሳቸው ተናግሬ እንዴት ብዬ «እኔም» ልበል? ለባለቤቴም አልነገርኩም። ልጆቼ አረንጓዴውን ነገር ለመክሳት የምጠጣው ይመስላቸዋል። ካርድ ክፍል ያለን ሠራተኞች የሁሉን ሰው ካርድ እናያለን፤ እኔ የራሴን ከመደርደሪያው አውጥቼ መሳቢያዬ ውስጥ ቆልፌበታለሁ። ምላስ በሁለት ሳምንት ይለምዳል ያልኩህም የራሴን ምላስ ይዤ ነው።

ጫማ ሰፊውን በተመለከተ፣ ያየሁት ነገር አልነበረም። ቁጥሩ ሲወጣ የጁሱ አሠራር ከእኔ የተላከ መሆኑ አስፈራኝና ጥፋቱን የሚሸከምልኝ ሰው ፈለግኩ። የልጅነት ከረሜላችንን ምስክር አድርጌ ቆጠርኩባቸው።

ሄደህ ንገራቸው። ለአባባም ንገር። ለጫማ ሰፊው ደግሞ ቤት ጠርተህ በሹክሹክታ አይሁን፤ ያሳፈርካቸው ቦታ ሄደህ፣ በዚያው ድምፅህ ተናገር። የእኔንም ጥፋት ጨምርበት።

የበሽታዬን ነገር ግን ለአባባ እንዳትነግር። አንተን ተናገር ብዬ እኔ ልደበቅ መሆኔ ይታየኛል። ቢሆንም እንዳትነግር።

እህትህ

*

ጥር 2

ለእትዬ፣

ጤናሽን እየጠየቅኩ ነው፤ ዛሬ ለወጉ አይደለም የምጠይቅሽ።

ለአባባ ነገርኳቸው። ከቁርስ በኋላ፣ እግራቸው ሥር ተቀምጬ። ሲሰሙኝ ቆይተው «ምላሴ አልነገረኝም ብለህ ነው?» አሉኝ።

«ያውቁ ነበር?»

«ቆስጣ እንዲህ ይጣፍጣል? ከመጀመሪያው ቀን ነው ያወቅኩት። ብናገር ትተወዋለህ ብዬ ዝም አልኩ። ጓደኛዬን በሐሰት ስታባርረውም አውቄ ነው ዝም ያልኩት።» ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። «ለአንድ ብርጭቆ ማር ሸጥኩት። መስኮቱ ላይ ሲመጣ እንኳ ዓይኑን አላየውም ነበር፣ ዳማውን ነበር የማየው።»

ከዚያ «ኮቴን አምጣ» አሉ።

ተደጋግፈን ሄድን። አምስት ደቂቃ የሚፈጀውን መንገድ ግማሽ ሰዓት ሄድንበት። ጫማ ሰፊው እግራቸውን በጨርቅ አስረው በርጩማ ላይ ዘርግተውት ነበር። ቆሜ ተናገርኩ። ማሩን፣ ማን እንደደበቀው፣ አንቺ ያልሽውን፣ እኔ ያልኩትን። ሰዓት ጠጋኙ አጉሊ መነጽሩን ከዓይኑ አወረደ። ፀጉር አስተካካይዋ መቀሷን አቁማ፣ ደንበኛዋም ግማሽ ራሷን ተቆርጣ በበሩ በኩል አዩኝ። ወለሉ ቢከፈት እገባ ነበር።

ስጨርስ ጫማ ሰፊው ወደ ጎረቤቶቻቸው ዞረው «ሰማችሁ?» አሉ። ከዚያ አባባን «እሱስ ልጅ ነው፤ አንተ ስንት ዓመት ነው የምታውቀኝ?» አሏቸው። አባባ ባርኔጣቸውን አውልቀው በእጃቸው ያዙ።

ቤት እንዲመጡ ለመንናቸው። «እግሬ ይሻረኝና» አሉ። ትናንት ውሃ ተሸክመው ሲያልፉ አይተናቸዋል፣ እኔም አባባም። እግራቸው ሽሯል። አልመጡም።

ጁሱን አሁን አንቺ እንዳልሽው ነው የምሠራው። አባባ ዓይናቸውን ጨፍነው ይጠጡና «እሺ» ብለው ብርጭቆውን ይመልሱልኛል። «እጅህ ይጣፍጣል» ቀርቷል። ዛሬ ጠዋት 142 ነበር።

ያንቺን ነገር አልተናገርኩም። ግን አንድ ነገር ልበልሽ፣ ታናሽሽ ብሆንም። ካርድሽን ወደ መደርደሪያው መልሽው። አንድ ቀን እዚያው ሥራ ቦታሽ ብትወድቂ ሰዎቹ የት ብለው ይፈልጉታል? ባለቤትሽስ ምን ይዞ ይደርስልሻል? እኔ የደበቅኩትን ነገር ሰው ሲፈልገው ምን እንደሚሆን አይቻለሁ።

ወንድምሽ

*

ጥር 11

ለቀጮ፣

ካርዴን መለስኩት። ያየችኝ ባልደረባዬ «የማን ነው?» ስትለኝ «የእኔ» አልኳት። ወንበሯን ወደ እኔ ሳብ አድርጋ ተቀመጠች።

ባለቤቴ ሲሰማ ያዘነው በበሽታው ሳይሆን በሁለቱ ዓመት ነው። አሁንም በቅጡ አያናግረኝም። አልፈርድበትም።

እሑድ ከቁርስ በኋላ እደውላለሁ። ስልኩን ለአባባ ስጥና አጠገባቸው ሁን። በስልክ ያልኩትን በስልክ ልመልሰው፣ በሽታዬንም ልነግራቸው ነው። ላልጨርሰው እችላለሁ፤ ድምፄ ከጠፋ አንተ እንዳትሞላልኝ።

እህትህ

*

ጥር 17

ለእትዬ፣

የዘጋነው እኛ አይደለንም፤ አንቺ ነሽ የዘጋሽው። ዝም ሲሉሽ የተቆጡ መስሎሽ ይሆናል። ስለዚህ ያላየሽውን ልጻፍልሽ።

መናገር አቅቷቸው ነው ዝም ያሉት። ስልኩን ከጆሯቸው ሳያነሱ ብዙ ቆዩ፤ «ዘግታለች አባባ» ብላቸውም አላወረዱትም። ከዚያ «ያኔ የተናገረችኝን ይቅርታ ጠየቀችኝ» አሉ፣ እኔ ያልሰማሁ ይመስል። «እውነቷን ነበር እኮ። ይልቅ እንዲያ ስላለችኝ ከዚያ ወዲህ ሳቅ ብዬ አላናገርኳትም። ብስቅላት ኖሮ ትነግረኝ ነበር።»

ተነሥተው ወደ መፍጫው ሄዱ። ይህን ዕቃ ቀርበው ሲያዩት የመጀመሪያቸው ነው። ኪያሩ ስንት እንደሆነ፣ ቆስጣው በጥሬው እንደሚገባ፣ ሎሚው ለምን እንደሆነ እያንዳንዱን ጠየቁኝ። ሁሉንም ካስረዳኋቸው በኋላ የመፍጫውን ክዳን ይዘው ቆሙ።

«እሷስ? ማን ይፈጭላታል?»

«ራሷ ናት» አልኳቸው።

«ሁለት ዓመት ሙሉ? ብቻዋን?»

ከእሑድ ወዲህ በየጠዋቱ ብርጭቆውን ስሰጣቸው ከመጠጣታቸው በፊት ይህንኑ ይጠይቁኛል። ምን ልበላቸው?

ወንድምሽ